ከቤት ሆኖ ክራርም ስዕልም ቴአትርም፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን

ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር ያው አንድ አይነት ጥያቄ በስልክም በኢንቦክስም ይጎርፍብናል፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ ከመመለስ አንዴ እዚ ላይ ብንጽፈው ይሻላል ብለን ነው። ለማታውቁን፣ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ያለን፣ ከ10 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ክራር፣ ማሲንቆ፣ ስዕል፣ ውዝዋዜና ቴአትር በነፃ የምናስተምር ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነን። ይሄን የምጽፈው እኔ የርቀቱን፣ ማለት በስልክ የሚሰጠውን ክፍል የማስተባብረው ነኝ፣ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ የራሴን ወሬ ጣል ባደርግ አትቀየሙኝ።

ኮሮና አለፈ እኮ፣ ለምንድነው አሁንም በስልክ የምታስተምሩት?

እውነት ነው የጀመርነው በኮሮና ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ተባለ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ያኔ የተባለው ለ15 ቀን ስለነበር እኛም ልጆቹን «ክራሩን እዚሁ ተዉት፣ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ» ብለን ነው የሸኘናቸው። ከዛ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ በቃ ክፍል የሚባል ነገር ቀረ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት መመለስ የጀመሩት 2013 ከገባ በኋላ ነው እሱም በፈረቃ።

ሁሉም ሲከፈት እኛም ደስ ብሎን ወደ ክፍላችን ተመለስን፣ የቴሌግራም ግሩፖቹም ዝም አሉ። ከዛ 2016 ላይ ፒያሳ ፈረሰ፣ 2017 ላይ ካዛንቺስ ፈረሰ፣ ከትምህርት ቤት ወጥተው በእግራቸው ዘለቅ ይሉ የነበሩ ልጆች ቤተሰባቸው ገላን ጉራና ሌላ ሌላ ዳር ዳር ቦታ ሄደ። ከገላን ጉራ ፒያሳ ለመምጣት ታክሲ ቀያይሮ ነው፣ ከትምህርት በኋላ መጥቶ አንድ ሰዓት ተምሮ የሚመለስ ልጅ ቤቱ ሲገባ ጨልሟል፣ የትኛዋ እናት ናት የ12 ዓመት ልጇን በዛ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ የምታቆመው? ስለዚህ ለበሽታው ብለን ያወጣነውን ዘዴ ለመንገዱ ብለን መልሰን ጀመርነው። ሰው የርቀት ትምህርት ሲባል ወረርሽኝ ነው ትዝ የሚለው፣ የኛ ጉዳይ ግን አሁን ትራንስፖርት ነው። ትንንሾቹ ተማሪዎቻችንማ ኮሮናን እንደ ተረት ነው የሚሰሙት።

በዙም ነው የምታስተምሩት?

አይደለም። ሞክረነዋል፣ ለስብሰባ አይከፋም፣ ለሙዚቃ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱን ዘርዘር ላድርገው ምክንያቱም ብዙ ሰው «ለቴክኖሎጂ ሩቅ ስለሆናችሁ ነው» ይለናል።

ትልቁ ችግር ድምፁ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ሁለት ሰው አብሮ ሲጫወት በመሀላቸው ያለው መዘግየት 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ካለፈ ምቱ መንሸራተት ይጀምራል፣ በኢንተርኔት ጥሪ ላይ ደግሞ 100 እና 200 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ብርቅ አይደለም። በወሬ ላይ አይታወቃችሁም፣ በጭብጨባ ላይ ግን ወዲያው ነው የሚታወቀው። ቲቸር ያጨበጭባል፣ ልጁ በሰማው ልክ ያጨበጭባል፣ ለቲቸር ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ቲቸር ልጁን ልጠብቀው ብሎ ቀስ ይላል፣ ልጁም እሱን ሰምቶ ቀስ ይላል፣ እንዲህ እየተጓተቱ ሞቅ ብሎ የተጀመረው የሰርግ ዘፈን መጨረሻው ሙሾ ይመስላል። ደሞ እነዚህ አፖች የተሠሩት ለንግግር ስለሆነ ንግግር ያልመሰላቸውን ድምፅ ጫጫታ ነው ብለው ያጠፉታል። ማሲንቆ ላይ ደጋኑ ረዘም አድርጎ ሲስብ ድምፁ መሀል ላይ ብን ብሎ ይጠፋል፣ ልጁ እየተጫወተ ነው እኛ ጋ ግን ፀጥታ። ሴቲንግ ውስጥ ኦሪጅናል ሳውንድ የሚለውን ማብራት ይቻላል ይሄን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በስልክ እያስረዱ ማዋል ግን ሌላ ሥራ ነው። ነፃው የቡድን ጥሪ 40 ደቂቃ ላይ ይቆረጣል። ዳታውን ተዉት፣ የቡድን ቪዲዮ በሰዓት አንድ ጊጋ አካባቢ አንዳንዴም ከዛ በላይ ይጠጣል።

ስለዚህ በቴሌግራም ነው የምንሠራው። ከተማው ውስጥ ስማርት ስልክ ያለው አብዛኛው ሰው አለው ማለት ይቻላል፣ በ2012ም ትምህርት ቤቶች ወርክሺት የሚልኩት በሱ ስለነበር ወላጆችም ለምደውታል።

እሺ በቴሌግራም ክራር እንዴት ነው የሚማሩት?

ሰኞ ማታ ቲቸር ከ2 ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ይለቃል፣ ውስጡ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ ለምሳሌ የዚህ ሳምንት አውራ ጣት ብቻ። ልጁ ሲመቸው ያየዋል፣ ይለማመዳል፣ እስከ ሐሙስ ማታ አንድ ደቂቃ ቮይስ ወይም ክቧን ቪዲዮ ይልካል። ክቧ ቪዲዮ 60 ሰከንድ ላይ ራሷ ትቆማለች፣ ይሄ ለኛ ፀጋ ነው ምክንያቱም ልጅ ካልተገደበ ሙሉ ኮንሰርት ነው የሚልከው። አርብ ቲቸር እያንዳንዱን ሰምቶ በድምፅ ይመልሳል፣ «ሶስተኛዋ ክር ላይ ጣትሽን ቶሎ እያነሳሽ ነው፣ ድምፁ ሳይወጣ አፈንሽው፣ እስቲ ዛሬ ማታ ዘፈኑን ተይና እሷን ክር ብቻ ደጋግመሽ ምቺ» አይነት ነገር። ሐሙስ ያልላከ ልጅ ቅዳሜ ይደወልለታል፣ ለቁጣ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ክር ተበጥሶ አፍሮ ነው ዝም የሚለው።

እኛ ራሳችን ያልጠበቅነው ጥቅም ከዚህ መጣ። ልጆቹ ቮይሱን ከመላካቸው በፊት ይሰሙታል፣ ካልጣማቸው ያጠፉታል፣ እንደገና ይቀዳሉ፣ እንደገና ያጠፋሉ። እኛ ጋ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ነው፣ ልምምዱ ያለው ግን በጠፉት ቮይሶች ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ እያለን ቲቸር ነበር የሚሰማላቸው፣ አሁን መጀመሪያ ራሳቸው ይሰማሉ፣ እና በኔ አስተያየት ጆሮ በማስተካከል በኩል የርቀቱ ልጆች ከክፍሎቹ ቀድመዋል። በመድረክ ድፍረት ደግሞ ወደኋላ ቀርተዋል፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ክራሩን ማን ይቃኝልናል?

ወላጆች በብዛት አይጠይቁትም ልጆቹ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፣ ልክም ናቸው ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ክራር ቅኝቱን ቶሎ ነው የሚለቀው፣ በተለይ ጠዋት ብርድ ሆኖ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል። ክፍል እያለን ቲቸር በየተራ እየተቀበለ ይቃኝላቸው ነበር፣ አሁን ገና ጆሮው ያልበሰለ ልጅ ራሱ መቃኘት አለበት።

የስልክ ቱነር፣ ማለት ክሩ መቃኘቱን የሚለካ አፕ አስወርደናቸው ነበር። አፑ ችግሩ ድምፁን በፈረንጅ ፊደል ነው የሚነግራቸው፣ ከዛም በላይ ክራር የሚቃኘው ለሚያዜመው ሰው ድምፅ ልክ ነው፣ የ11 ዓመት ልጅና ድምፁ የጎረነነ የ17 ዓመት ጎረምሳ አንድ መነሻ አይስማማቸውም። አሁን የምናደርገው፣ ቲቸር መጀመሪያ ልጁን ትንሽ አዚም ብሎ በድምፅ ይሰማዋል፣ ከዛ ለሱ የሚሆን መነሻ ይመርጥና የስድስቱን ክር ድምፅ ለየብቻ እየደጋገመ መትቶ ስድስት አጫጭር ቮይስ ይልካል፣ እነሱ የልጁ ቻት አናት ላይ ፒን ይደረጋሉ። ልጁ አንደኛውን ቮይስ ይከፍታል፣ ክሩን ይመታል፣ መቃኛውን በትንሽ በትንሹ ያዞራል፣ ቮይሱና ክሩ አንድ እስኪሆኑ። ስድስተኛዋ ክር የአንደኛዋ ኦክታቭ፣ ማለት ያው ድምፅ በሌላ ከፍታ ስለሆነች መጨረሻ ላይ ሁለቱን አብሮ መምታት ነው፣ ድምፁ የሚወዛወዝ ከሆነ ገና ነው፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደርሷል። መጀመሪያ አካባቢ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ልጁም ይነጫነጫል፣ ተዉት ይነጫነጭ፣ እናንተ ግን እባካችሁ «አምጣ እኔ ላጥብቀው» እንዳትሉ፣ ክር የሚበጠሰው እዛ ላይ ነው።

በርቀት የምናስተምረው ትዝታን ብቻ ነው። ወደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ለመሄድ የክሮቹ ቅኝት መቀየር አለበት፣ እሱን በአካል ሲመጡ ቅዳሜ ነው የምናሳያቸው። ትርፍ ክር ከክራሩ ጋር አብረን እንሰጣለን።

መሳሪያ መግዛት አለብን?

የለባችሁም። ክራርና ማሲንቆ በውሰት ነው፣ ወላጅ ፈርሞ ይወስዳል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይመልሳል። የማሲንቆ ተማሪዎች ዕጣን ብቻ ከቤት አይጥፋባችሁ፣ የደጋኑ ጭራ ዕጣን ካልተቀባ ድምፅ አይሰጥም፣ ሽሮ የነካ እጅም ጭራውን ከነካው ያው ነው። እና ሲቀዱ ስልኩ ሁለት እርምጃ ራቅ ይበል፣ አፍንጫው ስር ካስቀመጡት ድምፁ ይቀደዳል።

ስማርት ስልክ የለንም፣ ልጄ ሊቀር ነው?

አይቀርም፣ ብዙ ቤት አንድ ስማርት ስልክ ነው ያለው እሱም አባት ይዞት ሥራ ይወጣል፣ ይሄን እናውቃለን። ሦስት መንገድ አለ። በጣም የምንወደው የሰፈር ቡድን ነው፣ አንድ አካባቢ ያሉ 4 ልጆች በአንድ ስልክ ይማራሉ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ኮሚናሉን ኮሚቴውን አስፈቅደን፣ ካልሆነ ፈቃደኛ የሆነ ወላጅ ቤት። አራት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፣ በአዋጁ ጊዜ የተፈቀደው ቁጥር እሱ ስለነበር ያኔ በአራት በአራት ከፋፈልናቸው፣ አዋጁ አለቀ ቁጥሩ ግን ጥሩ ሆኖ ስላገኘነው ተውነው፣ ከአምስት በላይ ሲሆኑ አንዱ ሁሌም ተመልካች ይሆናል።

ሁለተኛው ሚሞሪ ነው። የወሩን ቪዲዮ በሙሉ ጭነን እንሰጣለን፣ የጎረቤት ስልክ ላይም ቲቪ ላይም ይሠራል። ሦስተኛው ባለ ቁልፍ ስልክ ካለ ቲቸር ይደውላል። ይሄኛው ለመዝፈንና ለቴአትር ይሆናል፣ ለመሳሪያ ግን እንደ ምርጫ አትቁጠሩት ምክንያቱም ተራ የስልክ መስመር ለንግግር የተሠራ ነው፣ ከ3400 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ይቆርጠዋል፣ የክራሩን ድምፅ ጥርት የሚያደርገውም አብሮ ይቆረጣል።

ዳታ ስንት ይበላል? ማን ይከፍላል?

አንድ ደቂቃ ቮይስ አንድ ሜጋ እንኳን አይሞላም። የቲቸርን ቪዲዮ አሳንሰን ነው የምንለቀው። ወር ሲገባ ለእያንዳንዱ ተማሪ ፓኬጅ በቴሌብር እንልካለን፣ በ2012 ቴሌብር የሚባል ነገር ስላልነበረ ካርድ እየፋቅን ቁጥሩን በኤስኤምኤስ ነበር የምንልከው፣ ያን ጊዜ ያላለፈበት ሰው ቴሌብርን ያማርራል። አንድ ነገር ብቻ አድርጉልን፣ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ ዳውንሎዱን አጥፉት፣ አለዚያ የአክስት ልጅ ግሩፕ ላይ የሚለቀቀው የሰርግ ቪዲዮ የክራሩን ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? መብራት ሲሄድስ?

መብራት ሲሄድ ምንም አይሆንም ክራር ቻርጅ አይፈልግም። የሐሙሱ ቀነ ገደብ ወደ ቅዳሜ ይሻገራል።

ኔትወርክ ግን ሌላ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልነበረም፣ ቴሌግራም ላይ የሠራነው ነገር ሁሉ ቀጥ አለ። የሚሞሪው ነገር ያኔ ነው የተጀመረው። አስተማሪዎቹ ቪዲዮውን ላፕቶፕ ላይ ቀድተው ሰፈር ውስጥ ዘፈን የሚጭኑ ቤቶች ጋ አስቀመጡት፣ ልጁ ሚሞሪውን ይዞ ሄዶ በነፃ ያስጭናል፣ ከዛ ልጆቹ ራሳቸው በሼርኢትና በዜንደር ከስልክ ስልክ ተቀባበሉት። ፒያሳ የተጫነ ቪዲዮ ማንም ሳይነግራቸው ጉለሌ ደርሶ አግኝተነዋል። ስለዚህ አሁንም አዲስ ነገር ስናዘጋጅ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይሄ ያለ ኢንተርኔት በሚሞሪ ይሄዳል ወይ» ነው፣ የማይሄድ ከሆነ አንሠራውም።

ልጄ ቤት ናት፣ የተለየ ሰዓት ለምን ያስፈልጋታል?

ይሄን ጥያቄ ስለጠየቃችሁን እናመሰግናለን ምክንያቱም በርቀቱ ትምህርት ትልቁ ችግራችን ዳታም ስልክም ሳይሆን ይሄ ነው። ሴት ልጅ ማዕከል ስትመጣ ያ ሰዓት የሷ ነው ማንም አይጠራትም። ቤት ከሆነች ግን ክራሩን እንዳነሳች ቡናው ይቆላል፣ ሊጡ ይቦካል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ «አንቺ ስልክ ላይ ነሽ አይደል፣ ነይ እስቲ» ትባላለች። ወንድሟ ያው ክራር ይዞ ሲቀመጥ ማንም አይጠራውም። በኮሮና ጊዜ ቮይስ መላክ ቀድመው ያቆሙት ሴቶቹ ነበሩ፣ ስንፍና መስሎን ስንደውል ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፣ አንዷ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሁሉም ከተኛ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና እየቀዳች ነበር የምትልከው፣ ክሩን የምትመታው በጣቷ ጫፍ እንዳይሰማ ስለነበር ቲቸር «ድምፅሽ ደካማ ነው» እያለ ይመልስላታል።

አሁን ስትመዘገቡ የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ በቀን 40 ደቂቃ፣ ሰዓቱን እናንተ ምረጡ፣ በዛ ሰዓት ልጅቷ ቤት የለችም ብላችሁ ቁጠሩት። የምር ነው የምንለው። እናት፣ አያት፣ አክስት፣ ሁሉም ይስማ። የምዝገባው ፎርም ላይ ሰዓቱ ይጻፋል፣ የኛም ሰው አልፎ አልፎ በዛ ሰዓት ይደውላል።

ውዝዋዜ በስልክ ይሆናል እንዴ?

በከፊል። እስክስታ ይሆናል፣ ቦታ አይፈልግም፣ ትከሻና አንገት ነው፣ አልጋና ቁምሳጥን መሀል ቆሞም ይሠራል። ስልኩን ቴርሞስ ላይ አስደግፉት፣ ከወገብ በላይ ይታይ። ቪዲዮው ላይ ቲቸር ጀርባዋን ሰጥታ የምታሳየው ንቃን አይደለም፣ ፊት ለፊት ከሆነች ቀኟ ለልጁ ግራ ይሆንበታል፣ በጀርባ ከሆነ ቀኝ ቀኝ ነው።

ጉራግኛ ግን በአካል ብቻ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉራግኛ የተለማመደ ልጅ ነበረን፣ የታችኛው ቤት ሰዎች ወጥተው መጡ፣ ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ ታሪኩ ረዥም ነው። የቡድን ውዝዋዜም በስልክ አይሆንም፣ መተያየት የሚባለውን ነገር ስልክ አያስተምርም።

ለስዕል ምን ምን እንግዛ?

እርሳስና ኤፎር ወረቀት እኛ እንሰጣለን፣ ሌላው ቤት ውስጥ አለ። ከምድጃ የተረፈ የከሰል ስባሪ ለመሳል በጣም አሪፍ ነው፣ ቀጭን ቀጭኑን ምረጡ። እርድ በውሃ ቢጫ ይሰጣል። ቡና ደግሞ የቲቸራችን ፈጠራ ነው፣ ሲፈላ ከእያንዳንዱ ዙር አንድ አንድ ሲኒ ጫፍ ያስቀምጣሉ፣ አቦሉ ለጥቁሩ ጥላ፣ ቶናው ለመሀለኛው፣ በረካው ብርሃን ለነካው ቦታ። ልጆች የጥላና የብርሃን ደረጃ የሚባለውን በቃል ሲነገራቸው ያዛጋሉ፣ በሦስት ሲኒ ግን በአንድ ቀን ነው የገባቸው። እናቶችም ይስቃሉ፣ አንዳንዷ አብራ ትስላለች።

ፎቶ ስታነሱ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ይሁን። ተጣሞ ከተነሳ ቲቸር የልጁ መስመር ይጣመም ስልኩ ይጣመም አያውቅም። እርማቱ እዛው ፎቶው ላይ በቀይ መስመር ተሥሎ ይመለሳል፣ የልጁ ወረቀት ራሱ አይነካም። ክፍል ውስጥ ቲቸር እርሳስ ተቀብሎ ልጁ ወረቀት ላይ ያስተካክል ነበር፣ ያ ቀረ፣ ቢቀርም ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

ቴአትርስ?

የድምፅ ድራማ ነው የምንሠራው፣ የሬዲዮ ድራማ ሲሰማ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ልጆቹ ራሳቸው ይጽፋሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ቤቱ ይቀዳል፣ እዚህ ይገጣጠማል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ብቻውን ሲቀዳ ሁሉም ሪፖርት የሚያነብ ይመስል ነበር፣ ምክንያቱም የሚመልሱለት ሰው የለም። አሁን ሁለት ሁለት ሆነው ይደዋወላሉ፣ በኢርፎን የጓደኛውን ይሰማል፣ በሌላ ስልክ የራሱን ይቀዳል። ክፍሉ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ተከናንበው ነው። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ቀረጻ የለም፣ አንዱን ክረምት ይሄ ሲያስቸግረን ልጆቹ «ታሪኩን ራሱ ዝናብ ያለበት እናድርገው» አሉና ዝናቡ ገባበት፣ የዛ ድራማ ዝናብ ከአራት ቤት የተቀዳ እውነተኛ ዝናብ ነው።

የመድረክ ድፍረት የሚመጣው ግን ከዚህ አይደለም። ብርድ ልብስ ውስጥ አንበሳ የሆነ ልጅ ሰው ፊት ሲቆም እግሩ ይንቀጠቀጣል። ለሱ መድኃኒቱ ቅዳሜ ነው።

በአካል መምጣት ግዴታ ነው?

በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አዎ ግዴታ ነው። የመጓጓዣ እንችላለን፣ አብሮ የሚያመጣቸውን አንድ ወላጅም ጭምር። አብሮ መጫወት፣ መድረክ፣ ቅኝት መቀየር፣ ጉራግኛ፣ እነዚህ ሁሉ የቅዳሜ ናቸው። ሙሉ በሙሉ በስልክ ብቻ የሚፈልግ ልጅ አንቀበልም፣ ውጭ ሀገር ያላችሁም ስለዚሁ ነው እምቢ የምንላችሁ እንጂ ጠልተናችሁ አይደለም።

በጾም ክራር አይነካም የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፣ ምን ታደርጋላችሁ?

ምንም ችግር የለም። በዐቢይ ጾም ዘፈን ለማይፈልጉ ልጆች የጣት ልምምድና የቅኝት ጆሮ ብቻ እንልካለን፣ ወይ ለዛን ጊዜ ወደ ስዕል ይዛወራሉ። በረመዳንም ሰዓቱን እናስተካክላለን። አስቀድማችሁ ብቻ ንገሩን።

ስልክ ከተሰጠው ቲክቶክ ላይ ነው የሚውለው፣ እኔ ይሄ ያሰጋኛል

ትክክል ነው ያሰጋል። ለዚህ ነው ትምህርቱን ስክሪን ላይ እንዳይሆን አድርገን የሠራነው። ከ40 ደቂቃው ውስጥ ስልክ የሚያስፈልገው ቪዲዮውን ለማየትና ለመቅዳት ነው፣ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ቀሪው ልጁና ክራሩ ናቸው። ካየ በኋላ ስልኩን ተቀበሉት፣ ሲቀዳ መልሱለት። «ቲቸር አሁን ኦንላይን ና ብሎኛል» ካላችሁ ውሸት ነው፣ እኛ ማንንም በሰዓት ኦንላይን አንጠራም።

የልጆቹ ቪዲዮ የት ነው የሚሄደው?

የትም። ቲቸርና ልጅ ለብቻቸው ቻት አያደርጉም፣ የእያንዳንዱ ልጅ ቻት ውስጥ ወላጅና ሌላ አንድ የኛ ሰው አለ፣ የወላጅ ስልክ ከሌለ የሰፈር ቡድኑ ኃላፊ አለ። ተርሙ ሲያልቅ ቪዲዮው ይጠፋል። ቲክቶክም ፌስቡክም ላይ አንለጥፍም፣ ለረጂ ድርጅት ማሳየት ካስፈለገ ያንኑ ቪዲዮ ለይተን ደውለን እናስፈቅዳለን፣ እምቢ ካላችሁ እምቢ ነው፣ ልጁ ላይ የሚመጣ ነገር የለም።

ሰርተፊኬታችሁ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስገባል?

አያስገባም። ያሬድ የሚገባው ተፈትኖ ነው፣ ፈታኞቹ ፊት የሚያስፈልገው ወረቀት ሳይሆን ጆሮና ጣት ነው። ለፈተና የሚዘጋጁትን ግን እንረዳለን።

አሮጌ ስልክ መስጠት እፈልጋለሁ፣ ትቀበላላችሁ?

በደስታ። ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፣ ማይኩና ስፒከሩ ግን ይሥራ። ፎቶና አካውንታችሁን አጥፍታችሁ አምጡ፣ የሰው ቻት ውስጥ መግባት አንፈልግም። ባትሪው ያበጠ ስልክ አንቀበልም።

እንዴት እንመዘገባለን?

ወላጅ ወይም አሳዳጊ አንዴ በአካል መምጣት አለበት፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ይዞ። ልጁም ይምጣ፣ ፈተና የለም፣ ትንሽ እናጫውተዋለን። ስማችሁ የሚያዘው እንደ አመጣጣችሁ ነው፣ የማይደርሰው ልጅ ተጠባባቂ ይሆንና ክራር ሲመለስ ይደወልለታል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው፣ ክራር ተመለሰ ብለን ስንደውል ሲሙ ተቀይሯል፣ ስለዚህ ቁጥር ስትቀይሩም ሰፈር ስትቀይሩም ንገሩን፣ ከተቻለ የአንድ ጎረቤት ቁጥርም ጨምራችሁ አስመዝግቡ።